ወንዙን ያላሻገሩት ጋሽ ፊሽካ

አስከሬናቸው ዛሬ በፊታችን ያረፈው፣ አንገታቸው ላይ ለዓመታት ካልጠፋችው ፊሽካ የተነሣ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ፊሽካ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከመኪና መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። መርፌ መያዝን ከእናታቸው ተምረው፣ እልኸኝነትን ግን ከማን እንደ ወረሱት ሳይታወቅ አደጉ።

ቀን እየሠሩ ማታ ተምረው ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ መስኮት በሌለው የውኃ ቆጣሪ መጠገኛ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። የስካውት ልጆችን በበጎ ፈቃድ መምራት የጀመሩት ገና በሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። ቅዳሜ የልጆቹ ቀን በመሆኑ ሠርጋቸውን ማክሰኞ ደገሱ፤ የትምህርት ቤት ነርስ የሆኑት ባለቤታቸውም፣ ቅዳሜ ቀን ቢታመሙ ዞር ብሎ የሚያያቸው እንደሌለ እየተናገሩ ዕድሜ ልካቸውን ቀልደውባቸዋል። ካምፕ ላይ የሚሠሩት ሾርባ የማይቀመስ፣ መዝሙራቸውም ጆሮ የሚያስይዝ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይበላ እሳቸው እህል በአፋቸው አዙረው አያውቁም።

እዚህ ላይ የስካውት ማኅበሩ ኮሚቴ፣ «በገዛ ፈቃዳቸው ኃላፊነታቸውን አስረከቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንድናነብ ትናንት ጽፎ ልኮልን ነበር። ባለቤታቸው ወረቀቱን አይተው፣ «እሱ አላስረከበም፤ ተነጠቀ። እንደዚያ ብለሽ አንብቢ» ሲሉ ይህን ለምታነብላችሁ ለጋሽ ፊሽካ እኅት መልሰው ሰጧት። ስለዚህ ነገሩ እንደ ሆነው ይነበባል።

ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ሲከበር፣ ልጆቹ ራሳቸው በሠሩት የገመድ ድልድይ ከሞላው ወንዝ ማዶ ተሻግረው ለክብር እንግዳው ሰላምታ እንዲያቀርቡ ተወስኖ ነበር። ጋሽ ፊሽካና ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ የቋጠሩትን ሻካራ ገመድ ግን፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፎቶ ላይ ያስጠላል ብለው በዋዜማው አስፈቱና በሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ናይለን አስለወጡት። ናይለን ቋጠሮ ላይ እንደሚያዳልጥ የሰባት ዓመት ስካውት ያውቃል። ሊቀ መንበሩ በሕይወታቸው አስረው የሚያውቁት ከረባት ብቻ በመሆኑ፣ ይህን እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም።

ጋሽ ፊሽካ እንደ ልማዳቸው በቅድሚያ ራሳቸው ተንጠለጠሉበት፤ ቋጠሮው አንድ ስንዝር ተንሸራተተ። ወዲያው ተመልሰው ፊሽካቸውን ነፉና አርባ አንዱንም ልጆች ከዳር አስቀመጧቸው። ሊቀ መንበሩ ከማዶ ሆነው በድምፅ ማጉያ፣ «ጋሽ ፊሽካ፣ ፈሩ እንዴ? ልጆቹ እንኳ አልፈሩም» ሲሉ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አዎ ፈርቻለሁ» ብለው ጮኹ። «ልጆቹን ማየት የፈለገ በመኪናው መንገድ ዞሮ ይምጣ።»

ዞሮ የመጣ የለም። እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ። አንድም ልጅ ስላልሞተ አንድም ሰው አላመሰገናቸውም፤ በሳምንቱ ሻርፓቸውንና ፊሽካቸውን እንዲመልሱ የሚያዝዝ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ኮሚቴውም በየስብሰባው «ፈሪው» እያለ ያነሣቸው ጀመር።

እሳቸው ግን በተከታዩ ቅዳሜ ተራ ሸሚዝ ለብሰው መጡና የዕቃ ቤቱን በር ከፍተው የተቀደደ ድንኳን መስፋት ጀመሩ። በእግራቸው የተተካው ወጣት ራሳቸው ያስተማሩት ልጅ ነበርና፣ ሲያያቸው በኀፍረት መሬት መሬት ቢያይም፣ ቀድመው ሰላምታ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሰፉ። አምና ኩላሊታቸው ሲታመምም ድንኳኑን አልጋቸው ድረስ አስመጥተው ሲሰፉ ቆዩ፤ ሕክምናው ሊረዳቸው ባለመቻሉም ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ኮሚቴው ዛሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ የክብር የምስክር ወረቀት ይዞልን መጥቷል። በላዩ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ሃያ ስድስት ዓመት ነው፤ የድንኳኑ አሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎት ሆኖ አልታያቸውም። ባለቤታቸው አልተቀበሉትም፤ ያመጣው ሰው ይዞት ይመለስ።

ጋሽ ፊሽካ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ምላሰኛ እኅታቸውን ትተው አልፈዋል። የፈጠራቸው አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

አሁን ሣጥኑን የሚያነሡት በዚያ ቀን ካልተሻገሩት አርባ አንዱ መካከል ስድስቱ ናቸውና፣ የፊቱን ወንበር የያዛችሁ የኮሚቴ ሰዎች ተነሥታችሁ መንገድ ልቀቁላቸው።