ከመጽሐፉ ማዶ

«ይህች ሴት መጽሐፉን ለምን ገልብጣ ትይዛለች?»

ፈታኙ ይህን የጠየቀው እኔን ነበር፤ ከጎኗ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁና።  እናትዓለም መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት ገጹን ሙሉ አንብባ ነበር። ፈታኙ መጽሐፉን ተቀብሎ አቃንቶ መለሰላት። ፊደሎቹ ጠፉባት። የቀበሌው አዳራሽ በሙሉ ሳቀ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። እናትዓለም የተመዘገበችው ለልጇ ለቢያዝን ስትል ነበር። እሱ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ነው። ደብዳቤውን የሚያነብላት የቀበሌው ጸሐፊ «እማዬ፣ ናፈቅሽኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን እያቀጠነ ሰው ያስቅባታል። «ልጄን ከሰው አፍ ላውጣው» ትለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ስንወጣ መምህራችን ዳኘው ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ከመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ጋር ተገናኘ። ዳኘው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ከአዲስ አበባ የዘመተ ወጣት ነው። መሪጌታ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ፣ ቤታቸው ከአዳራሹ መስኮት ሥር የሆነ አባት ናቸው። እኔም እጅ ነሥቼ አብሬ ቆምሁ።

«ጓድ መምህር፣» አሉ መሪጌታ፣ «ጓድ» የምትለዋን ቃል እንደ መራራ እህል እያላመጡ፣ «ሴቲቱን አሳቃችሁባት አሉ።»

«እኔ አልሳቅኩም፣ መሪጌታ። እኔም ደነገጥኩ።»

«አራት ወር ስታስተምር መጽሐፉ በየት በኩል እንደሚታያት አላየህም?»

«መጽሐፉ ለአምስት ሰው አንድ ነው። የሚማሩት በቡድን ነው፤ አንዷ ሌላዋን ትረዳለች። ዘመናዊው ዘዴ ይኸው ነው።»

«ትረዳለች? በመስኮት እሰማለሁ እኮ! ሸዋዬ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች፤ አራቱ ዝም። አንተ መጥተህ ትጠይቃለህ፤ ሸዋዬ ትመልሳለች፤ ‹ጎበዝ፣ ቡድን ሦስት!› ብለህ ታልፋለህ። አንዷ ስለጎረሰች አምስቱ ጠገቡ ተብሎ ማዕድ ይነሣል?»

ዳኘው ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ስልሳ እናቶች ናቸው፤ እኔ አንድ ነኝ።»

«በትናቸዋ! አንድ በአንድ ፊትህ ቀርበው ፊደል ይቁጠሩ።»

«አንዷ እስክትጨርስ ሃምሳ ዘጠኙ ምን ይሠራሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእርስዎ ጉባኤ ቤት ተማሪውን ሁሉ ራስዎ ነበሩ የሚያስጠኑት?»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስጠናዋል።»

«እሱስ ቡድን አይደለም?»

«ነው እንበል። ግን ትልቁ ለትንሹ አይመልስለትም! እኔ ፊት የሚቆመው ትንሹ ነው። ትንሹ ካቃተው የምገሥጸው ትልቁን ነው።»

እኔም ደፈርሁና «መምህር፣ እናትዓለምና እኔ የምንቀመጠው ከሸዋዬ ፊት ለፊት፣ ከመጽሐፉ ማዶ ነው» አልሁት። «እኔ አንገቴን አጣምሜ አያለሁ። እሷ ሰው መግፋት ታፍራለች፤ እንደታያት ተማረችው።»

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ሌላ ሆኖ ጠበቀን። እናትዓለም አልተመለሰችም፤ ዳኘው ግን እያንዳንዱን ቡድን በአንድ ወገን አስቀመጠ፤ መጽሐፉም በየገጹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። አንዷ ስታነብ ሌላዋ በጣት ትከተላለች፤ አንዷ በሰሌዳ ትጽፋለች፤ አንዷ ትጠይቃለች፤ የቀረችው ስሕተት ትለቅማለች፤ ከዚያ ሥራ እንለዋወጣለን። ዳኘው ሲመጣ የሚጠይቀው ዝም ያለችውን ነው። ሸዋዬ «አፌን ለጎመው!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። በኋላ ግን ለእኔ ስታስረዳ ራሷም የማታውቀው ፊደል እንዳለ አገኘች።

አንድ ቀን መሪጌታ በበሩ ብቅ አሉ። «ድሮ በዚህ መስኮት አሥራ ሁለት ሴት ነበር የምሰማው፤ ዛሬ ሃምሳ ዘጠኝ ሰማሁ። ተረትቻለሁ፣ ልጄ፤ ቡድኑ ይቆይ» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «ያችን የተሳቀባትን ሴትስ ጠራችኋት?» አሉኝ።

ሄድሁ። እናትዓለም ዕቃዋን ጠቅልላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ፣ እኅቷ ዘንድ ልትሻገር ጀልባ ትጠብቃለች።

«እናትዬ፣ ነይ፤ አሁን መጽሐፉ ይዞራል» አልኋት።

«ከተሳቀብኝ በኋላ ዞረ?» አለችኝ። ፊቷንም ወደ ሐይቁ መለሰች።

እኔ ከዚህ የተማርሁት ከፊደሉ ይበልጣል። በጋራ የተቀመጠ ሁሉ በጋራ አይማርም። ለእያንዳንዱ ድርሻ ሲሰጠው ዓይን አፋሩ ይናገራል፣ ጎበዙ ያስተውላል፣ መምህሩም የወደቀውን ቀድሞ ያያል። ልጄ ወለተ ኪዳን ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አልላትም። «አንቺስ ምን አልሽ? መጽሐፉ በየት በኩል ነበር?» እላታለሁ። ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን ሳትመልስልኝ እራት አላቀርብም።

ዘመቻው ሲያበቃ ዳኘው አዲስ አበባ ገባ። ከቡድን ሦስት አራታችን ቆይተን ምስክር ወረቀት ተቀበልን። እናትዓለም ደልጊ ቀረች፤ የቢያዝንን ደብዳቤ ዛሬም ሰው ነው የሚያነብላት።