ስለ ዕረፍት አሥራ ሁለት ነጥቦች

(ሐዋሳ፣ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የልብስ ስፌት ድርጅት ያላት ትርሲት ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ አልጋ ላይ ናት፤ ከሶዶ የመጣችው ታላቅ እህቷ፣ ጡረተኛዋ መምህርት አስናቀች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች።)

ትርሲት፦ ስልኬን ስጪኝ አልኩሽ እኮ፣ እታለም።

አስናቀች፦ ሰምቻለሁ። ይሄ አራተኛሽ ነው። ሐኪሙ ውሃ ጠጪ ያለሽን ግን አንዴም አልሰማሽም።

ትርሲት፦ አንድ ስልክ ብቻ ነው የምደውለው።

አስናቀች፦ ትናንትም አንድ ነበር። አንዱ ዘጠኝ ወለደ። ነርሷ መጥታ "ስብሰባችሁን ጨርሱልን፣ ታማሚ አለ" አለችን። ታማሚዋ አንቺ መሆንሽን ስነግራት አላመነችኝም።

ትርሲት፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውል እፈርማለሁ። ሰውየው ለዚሁ ብሎ ነው ከአዲስ አበባ የመጣው። ሐይቅ ዳር ሆቴል ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው።

አስናቀች፦ ሐይቅ ዳር ቁጭ ማለት ምን ይጎዳዋል? ተዪው ይቀመጥ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ዕረፍት ይወቅ።

ትርሲት፦ ስድስት ሺህ ቀሚስ ነው፣ እታለም። እስከ ፋሲካ።

አስናቀች፦ ስንት ሰፊ ነው ያለሽ?

ትርሲት፦ አሥራ አራት።

አስናቀች፦ ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ለልጆች ሰጥቼ አላውቅም። እናቶቻቸው መጥተው ይከሱኝ ነበር።

ትርሲት፦ ሰው እቀጥራለሁ፣ ማሽን እከራያለሁ። በእምነት ነው የምራመደው።

አስናቀች፦ በእምነት ስትራመጂማ ቅዳሜ ዕለት አየንሽ። መድረክ ላይ ተዘረርሽ።

ትርሲት፦ ትንሽ አዞረኝ እንጂ…

አስናቀች፦ ትንሽ? የነጋዴ እህቶች ጉባኤ ላይ "ዕረፍት በጌታ" ብለሽ አስተምሪ ተባልሽ። አሥራ ሁለት ነጥብ አዘጋጅተሽ መጣሽ። ስለ ዕረፍት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ አለው። ስድስተኛው ላይ "እህቶቼ፣ ሩጫውን ተዉት" ስትዪ ከነማይክራፎንሽ ወደቅሽ። ስንት መምህር አይቻለሁ፣ ትምህርቱን እንዲህ በተግባር ያሳየ ግን አላጋጠመኝም።

ትርሲት፦ ሰዉ ምን አለ?

አስናቀች፦ ምን ይላል? መንፈስ ቅዱስ ወረደ አለ። ኪቦርዱ ተጀመረ። አዘጋጇ እህት ብርሃኔ ነጠላዋን አለበሰችሽና "አትንኳት፣ ጌታ እየሠራባት ነው" አለች። እኔ ከኋላ ወንበር ተነስቼ ስሮጥ አስተናጋጁ ያዘኝ። "እናቴ፣ እርስዎም ይቀበሉ" አለኝ። "እኔ የምቀበለው እህቴን ነው፣ ልቀቀኝ" አልኩት። እስኪለቀኝ ሃያ ደቂቃ ሞላ።

ትርሲት፦ ታዲያ ጌታ አልሠራብኝም ማለትሽ ነው?

አስናቀች፦ እሱን እኔ አላውቅም። ሐኪሙ ያየው ግን ደም ማነስና ሦስት ቀን እህል ያልገባበት ሆድ ነው።

ትርሲት፦ ጾም ላይ ነበርኩ። ለውሉ እየጸለይኩበት።

አስናቀች፦ ሰው ሲጾም ከሥራው ቀነስ አድርጎ ይንበረከካል። አንቺ የምሳውን ሰዓት ለስፌት አተረፍሽው። እሱ በኛ ጊዜ ጾም አይባልም ነበር፤ ትርፍ ሰዓት ነው የሚባለው።

ትርሲት፦ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ሲባል አልሰማሽም?

አስናቀች፦ ሰምቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባልም ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ የምትዪበት ጊዜ የለሽም። እሱ ፈጣሪ እንኳ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዐርፏል። አንቺ ከሱ ትበልጫለሽ።

ትርሲት፦ እሱ ተፎካካሪ የለበትማ። እኔ ዛሬ ካልፈረምኩ ሰውየው ውሉን ለሰናይት ነው የሚሰጠው።

አስናቀች፦ የቷ ሰናይት? ያቺ ከሱቅሽ ፊት ለፊት ያለችው? እሑድ እሑድ ተቃቅፋችሁ የምትዘምሩት?

ትርሲት፦ እሷው።

አስናቀች፦ "በጌታ እህቴ ናት" ስትዪኝ አልነበር እንዴ?

ትርሲት፦ በጌታማ እህቴ ናት። በገበያ ግን አላውቃትም።

አስናቀች፦ ጌታ እንግዲህ ገበያ ድረስ አይመጣም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁመሽው ነው የምትሄጂው።

ትርሲት፦ አንቺ መቀለድ አይከብድሽም። ወር በገባ ጡረታሽን ትቀበያለሽ፣ ጓሮሽን ታጠጫለሽ። እኔ ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ ማሽን ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። የቤትሽን ጣሪያ ማን ቀየረው?

አስናቀች፦ አንቺ።

ትርሲት፦ እኮ። ሥራ ፈትቼ አይደለም የቀየርኩት።

አስናቀች፦ ጣሪያውን ቀይረሻል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሥሩ ግን አንድ ቀን ተቀምጠሽ አታውቂም። ዝናብ ሲመጣ "ትርሲት መጣች" ነው የምለው። ሌላ መምጫ የለሽማ።

ትርሲት፦ ይሄ ስድብ ነው ምስጋና?

አስናቀች፦ አንቺ መርጠሽ ውሰጂ። ደንበኛ ንጉሥ ነው አይደል የምትሉት?

ትርሲት፦ እሺ፣ ሱቁን ማን ከፈተው ዛሬ? እሱን እንኳ ንገሪኝ።

አስናቀች፦ ቆራጭሽ ወርቅነሽ። ቅዳሜም እሷ ናት የዘጋችው። የመዘምራኑን ልብስ ሃያ ሁለቱን ጨርሰው አስረክበዋል።

ትርሲት፦ ያለ እኔ?

አስናቀች፦ ያለ አንቺ። ጠዋት ብቅ ብዬ አይቻቸው ነው የመጣሁት። ማሽኖቹ አላለቀሱም።

ትርሲት፦ ምንም የጎደለ ነገር የለም?

አስናቀች፦ አለ። ጩኸት ጎድሏል። ልጆቹ ሲሰፉ ይዘምራሉ አሁን። ወርቅነሽ ድምፅ እንዳላት ታውቂ ነበር?

ትርሲት፦ አላውቅም።

አስናቀች፦ ስድስት ዓመት አብራሽ ኖራ።

ትርሲት፦ የእጅጌውን ጠርዝ እጥፋት ማን አየው? እኔ ካላየሁት ይጣመማል።

አስናቀች፦ የተረከበው የመዘምራኑ መሪ አመስግኖ ሄዷል። ተጣሞ ከሆነም እጃቸውን አንስተው ስለሚዘምሩ አይታይም።

ትርሲት፦ ሁሉም ነገር ደህና ነው እንግዲህ።

አስናቀች፦ ደህና ነው። ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው? ደህና ነው ሲባል ደስ ይለዋል እኮ ሰው።

ትርሲት፦ እኔ ከሌለሁ ይፈርሳል እያልኩ ነበራ። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የምለው። ካልፈረሰ… ታዲያ እኔ ምንድነኝ?

አስናቀች፦ ቅዳሜ ዕለት ሐኪሙም ይቺኑ ነው የጠየቀሽ። መንቃትሽን ሊያጣራ "ስምሽ ማነው?" አለሽ። ምን እንዳልሽው ታስታውሻለሽ?

ትርሲት፦ ትርሲት ነዋ።

አስናቀች፦ "መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ" ነው ያልሽው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ "አስኪያጅ የአያቷ ስም ነው?" አለኝ።

ትርሲት፦ ውሸትሽን ነው።

አስናቀች፦ ነርሷ ካርዱ ላይ ልትጽፈው ነበር፣ እጇን ይዤ አስቆምኳት።

ትርሲት፦ ሳቂ እንጂ። የአባባን ቤት ረሳሽው እንዴ? "ትርሲትማ አሥር ወንድ ናት" ይል ነበር። ያን ቀን እራት ይጣፍጠኝ ነበር። ቁጭ ካልኩ ደግሞ አያየኝም። ቤት ውስጥ ያለሁ አይመስለውም።

አስናቀች፦ ወባ ይዞሽ ግቢ ስትጠርጊ አስታውሳለሁ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። መጥረጊያው ካንቺ ይረዝማል። "ተኚ" ስልሽ "አባባ ከመምጣቱ በፊት ልጨርስ" አልሽኝ።

ትርሲት፦ መጥቶ አመሰገነኝ።

አስናቀች፦ አመሰገነሽ፣ ከዚያ የወደቀ ቅጠል አሳየሽ። እሱም እንደዚያው ሆኖ ነው ያደገው፣ አፈር ይቅለለው። ግን ሞቷል፣ ትርሲት። አሥራ አንድ ዓመቱ። ግቢውንም ሸጠነዋል። አሁን ለማን ነው የምትጠርጊው? አታልቅሺ እንግዲህ፤ ይሄን ንግግር ትናንት ስለማመደው እንባ አልነበረበትም። ይኸው መሀረብ።

ትርሲት፦ አንድ ነገር ልንገርሽ? አትስቂብኝም?

አስናቀች፦ ቃል አልገባም።

ትርሲት፦ ቅዳሜ ዕለት… ቶሎ ነው የነቃሁት።

አስናቀች፦ መቼ ቶሎ?

ትርሲት፦ ኪቦርዱ ሳይጀመር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አስተናጋጁ "እርስዎም ይቀበሉ" ሲልሽ ሰምቻለሁ። ስትሳደቢም።

አስናቀች፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ እዚያ ከጎረምሳ ጋር ስታገል፣ ሞተች ብዬ ስጮህ፣ አንቺ ነጠላው ሥር ነቅተሽ ነው የተኛሽው?

ትርሲት፦ አዎ።

አስናቀች፦ እግዜር ይይልሽ።

ትርሲት፦ መነሳት እችል ነበር፣ እታለም። እጄንም እግሬንም ሞክሬያቸዋለሁ። ግን ነጠላው ሥር… እንዴት ልንገርሽ… ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ስልክ የለ፣ መቀስ የለ፣ ማይክራፎኑም ተንከባሎ ሄዷል። ስድስት ነጥብ ይቀረኛል፣ ማንም አልፈለገውም። ከኔ የሚወሰድ አንድ ነገር እንኳ አልነበረም። እና እሱ እዚያው ነበር።

አስናቀች፦ ማን?

ትርሲት፦ ጌታ። ራእይ አላየሁም። ድምፅም አልሰማሁም፣ ለእህት ብርሃኔ ምስክርነት የሚሆን ነገር የለውም። ብቻ ምንም ሳልይዝ፣ ሳልነሳ፣ ወለል ላይ እንደወደቅኩ የሱ መሆኔን አወቅኩት። እንደ አባባ አይደለም። "ተነሺ" አላለኝም። ስንት ዓመት ለሰው ሰበክሁት፣ ቅዳሜ ገና ገባኝ። አፍሬም ደስም ብሎኝ ተኝቼ ቀረሁ። ባታነሺኝ እስከ ማታ እቆይ ነበር። አልሳቅሽም እኮ።

አስናቀች፦ ጥርሴን አሞኛል።

ትርሲት፦ ከዚያ እዚህ መጣሁ፣ ዓይኔን ገለጥኩ፣ ገና ሳልጨርስ ስልኬን ጠየቅኩ። ወዲያው ጠፋብኝ። ይሄ ነው የሚያስለቅሰኝ።

አስናቀች፦ አልጠፋም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንቺን ያልለቀቀ ጌታ በአንድ ስልክ አይለቅሽም። ደግሞ እኔም አለሁበት፣ ልናገረው። ሶዶ ለቅሶ ቤት ስገባ፣ ሳልቀመጥ፣ "እህቴ እኮ ድርጅት አላት" ነው የምለው። ሟቹን ሁሉ አስረስቻቸዋለሁ። እህቴ ትርሲት ብዬሽ አላውቅም። ላንቺ ስሰብክ የኖርኩት የራሴን ኩራት ደብቄ ነው።

ትርሲት፦ አንቺም?

አስናቀች፦ እኔም። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት እኔ ነኝ። እንኪ፣ ይኸው ስልክሽ።

ትርሲት፦ ለምን ሰጠሽኝ?

አስናቀች፦ ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ጉዳይ ነው። ጫማሽ አልጋው ሥር አለ፣ ቀሚስሽ በሩ ላይ ተሰቅሏል። መሄድ ካለብሽ ነርሷን ጠርቼ ግሉኮሱን አስነቅልልሻለሁ፣ ባጃጅም አቆምልሻለሁ። ቦርሳዬን ታቅፌ ስጠብቅሽ ዘበኛ መሰልኩ። ዘበኛ ጠብቆሽ ያረፍሽው ደግሞ ዕረፍት አይባልም።

ትርሲት፦ ሰውየው ጽፏል። "ወይዘሮ ትርሲት፣ ደርሻለሁ። ሌላዋ ድርጅትም ዝግጁ መሆኗን ነግራኛለች።"

አስናቀች፦ በጌታ እህትሽ ፈጣን ናት።

ትርሲት፦ ሰናይት አርባ ማሽን አላት። ትችለዋለች።

አስናቀች፦ አንቺ ይህን ስትዪ መስማቴን ሰው አያምነኝም። በእጅሽ ያለው ሌላ ትዕዛዝ ለልጆቹ ደመወዝ አይበቃም?

ትርሲት፦ እስከ ክረምት ይበቃል። የሠርግ ልብስም አለን።

አስናቀች፦ ስድስት ሺው ለማን ነበር ታዲያ?

ትርሲት፦ ለኔ። ሰው "ትርሲትማ" እንዲለኝ።

አስናቀች፦ እና? ባጃጅ ልጥራ?

ትርሲት፦ መልእክት ጻፊልኝ። ግሉኮሱ ያለበት እጄ አይታዘዘኝም።

አስናቀች፦ መነጽሬን ልፈልግ። እሺ። "የተከበሩ አቶ…" ከዚያስ?

ትርሲት፦ "ትርሲት አትመጣም። ውሉንም አትፈርምም።"

አስናቀች፦ "ስለታመመች" ብዬ ልጨምርበት? ቢያዝንልሽ ቀኑን ሊያዘዋውርልሽ ይችላል። ነገ ደግሞ ሊጸጽትሽ ይችላል፣ በሩን ገርበብ አድርገን እንተወው።

ትርሲት፦ አይ፣ እታለም። "ስላልፈለገች" ብለሽ ጻፊው።