አሜን የምትለው መኪና

ምዕራብ ዓባያ መንገድ ዳር ቆሜ የአርባ ምንጭ መኪና ስጠብቅ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ኦይታ አዩኝና አሳፈሩኝ። የመውለጃ ቀኗ የደረሰ ልጃቸውን አቢጋኤልን ጠይቀው እየተመለሱ ነበር፤ በማግስቱ በዚሁ መንገድ ሆስፒታል ያመጧታል። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናቸው የአስፋልቱን ነጭ መስመር እያየች ራሷን ትመራለች። ከፊት ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ኑሃሚን ተቀምጣለች፤ ምህንድስና የተማረች ናት። እኔ እንደ ልማዴ ሐይቁን እያየሁ በሐሳብ ነጎድኩ።

ጋሽ ኦይታ ድሮ ጸልየው ነበር ሞተር የሚያስነሡት። ዛሬ ግን እየሄድን እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ አቢጋኤል መጸለይ ጀመሩ። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ አለች።

«ሰማችሁ? እሷም አሜን ትላለች» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ኑሃሚን መሪውን ያዘች። «ጋሼ፣ አሜን አይደለም። መስመሩ ጠፋብኝ፣ ተረከቡኝ እያለች ነው።»

ዓይናቸውን ሲገልጡ ነጩ ቀለም አልቋል፤ ቀኝ ጎማችን ጠርዙ ላይ ነው። ቀስ ብለው አቆሙ። ቢሆንም አልተረቱም።

«ከእኔ እሷ ትሻላለች፣ ልጄ። አትደክምም፣ አታንቀላፋም፣ ጫት አትቅምም።»

«እውነት ነው፣ ብዙ ታግዝዎታለች። እስቲ ያን በኩልፎ ወንዝ ዳር የነበረውን የሙዝ እርሻ ነገር ይንገሩን።»

ሳቁ። «ብቻዬን ስጠብቅ አንድ ዘለላ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወንድሜ ካሳ የተጨመረ ቀን እሱ በእኔ፣ እኔ በሱ ተማምነን ጥላ ሥር ተኛን። ዝንጀሮ ግንዱን ብቻ ተወልን።»

«ጋሽ ካሳ ሰነፍ ነበሩ?»

«ኧረ ከእኔ የበለጠ ጠባቂ ነው!»

«እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ጎበዝ ጓደኛ ያስተኛል። መኪናዋ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በሰላም አድርሳዎት በመቶኛው ትጠራዎታለች፤ የተዘናጋ ሰው ደግሞ እስኪነቃ መንገዱ አይጠብቀውም።»

«ታዲያ ጸሎቴን ልተው?»

«ለምን ይተዋሉ? ቆመው ይጸልዩ። ሲነዱ ግን ዓይንዎ መንገዱ ላይ፣ እጅዎ መሪው ላይ ይሁን።»

መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጉዞ ቀጠሉ። እኔም ሐይቁን ትቼ መንገዱን ማየት ጀመርኩ፤ የምንተማመንበት ነገር ጥሩ በሆነ መጠን ንቃታችንን እንደሚሰርቀን ያኔ ነው የገባኝ።

«ደግ፣» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ድካሜን ታቅልልኝ፣ እኔ እሷን ልጠብቃት። አንዳችን ስንስት ሌላው ካለ፣ ሰው በሰላም ይገባል።»

በማግስቱ አቢጋኤልን ስናመጣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጋሽ ኦይታ ሞተር ሳያስነሡ ጸለዩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ነጩ መስመር የሚያልቅበት ስንደርስ ከብቶች ከቁጥቋጦው ወጥተው መንገዱን ሞሉት። መኪናዋ ጢጥ ስትል የሽማግሌው እግር ፍሬን ላይ ነበር።

«አቤት፣ አለሁ» አሏት።

አቢጋኤል ከኋላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከብቶቹ እስኪሻገሩ ጠበቅን።