የሦስተኛው ምሰሶ ዳኛ የአቶ ሌላንድ ሃስኪንስ ዜና ሕይወት

አቶ ሌላንድ ሃስኪንስ ከአባታቸው ከአቶ ኤመሪ ሃስኪንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክላራ እ.ኤ.አ. በ1938 በኔቫዳ በረሃ፣ በፋሎን ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ ፀረ ተባይ የሚረጩ አውሮፕላኖችን በመጠገን ሥራ ተሰማሩ፤ ወይዘሮ ኦፓልንም አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ከወዳደቀ ብረትም በአራት ዓመት ድካም አንዲት ቢጫ የእሽቅድምድም አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠሩ።

በ1964 የሬኖ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ሲጀመር ግን ሐኪም ልባቸውን አዳምጦ ከማብረር ስለከለከላቸው፣ አውሮፕላኗን ያበረራት ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ዊላርድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአነስተኛ አውሮፕላኖች ምድብ ዋንጫ ወሰደባት። ሟች ቅናታቸውን ደብቀው አያውቁም፤ ዋንጫው በተቀመጠበት ገበታ እህል አይቀምሱም፣ ለወንድማቸው ሲጨበጨብም እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም ነበር።

ከውድድሩ መራቅ ስላልሆነላቸው የምሰሶ ዳኛ ሆኑ። ሥራቸውም ከመዞሪያው ምሰሶ ሥር ቆመው፣ ሽቅብ አንጋጠው፣ ምሰሶውን ሳይዞር በውስጥ በኩል ያለፈውን አብራሪ «ቆርጧል» ብለው መመዝገብ ነበር። በ1979 ፍጻሜ ዊላርድ አንደኛ ገባ፤ ነገር ግን የሥራ ጓደኛቸው በአቧራ ዓይኑን በጨፈነበት ቅጽበት ሟች ብቻቸውን አይተው ስለመሰከሩበት፣ በገባበት ሰዓት ላይ የቅጣት ሰከንዶች ተጨምረውበት ዋንጫው ለሌላ ተሰጠ።

ዊላርድም በሰው ፊት፣ «አንተ ያየኸው ምሰሶውን አይደለም፣ ዋንጫዬን ነው» አላቸው።

«መቅናቱንስ እቀናለሁ። ግን ቆርጠሃል» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። አገሬው «ቀናተኛው ዳኛ» አላቸው፤ ምግብ ቤት ሲገቡም ቀልደኞች «እንዳትቆርጡ፣ ሌላንድ እያየ ነው» ይባባሉ ነበር። እርሳቸው ግን ውድድሩ በ2023 ሬኖን እስከተሰናበተበት ዕለት ድረስ፣ በየመስከረሙ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር አልታጡም። በተከታዩ መጋቢት ልባቸው ደክሞ፣ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በሬሳ ፊት ሐሰት አይነበብም። በዚያ ዕለት በግራ ክንፉ በኩል መቅረት የነበረበት ምሰሶ በቀኙ ሲያልፍ ዊላርድ በዓይኑ አይቷል። አርባ አምስት ዓመት አፉን የዘጋውም ቅናት ነው፤ ያቺን አውሮፕላን የሠሩ እጆች የእርሱ አልነበሩም፣ በዚያ ላይ እውነቱም የእርሳቸው ሆነ።

አቶ ሌላንድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በሕይወት ሳሉ አንዲት ቃል የነፈጋቸውን ወንድም ትተው አልፈዋል። ቆርጦ ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እውነት ከተናገሩት ጋር ያሳርፍ፤ ዘግይቶ የተናገረውንም ይማር። አሜን።