የበግ ላት ለስኳር በሽታ

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ካኮ ገበያ ላይ የበግ ላት በመዳፋቸው እየመዘኑ ሳለ፣ ከኋላቸው የሚያውቁት ድምፅ ጠራቸው። የእህታቸው ልጅ ሰምሃል ነበረች፤ ጂንካ መድኃኒት ቤት የምትሠራው። ላቱን ከጋቢያቸው ስር ሊሸሽጉ ሞከሩ፤ ግን ቀድማ አይታለች።

"ጋሼ፣ ድግስ አለ እንዴ?" አለች፣ ጉንጫቸውን ከሳመች በኋላ።

"የለም። ለመድኃኒት ነው።"

ወደ ጥላ ወስዳ ስትጠይቃቸው ሁሉንም ነገሯት። እሷው ራሷ የእድሩ ስብሰባ ላይ ስለ ስኳር በሽታ ስታስተምር፣ ከስብ የሚወጣ ሆርሞን ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ህዋሳት ከስኳር ጉዳት ይጠብቃል ብላ ነበር። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ላት እያቀለጡ ይጠጣሉ። ለስኳራቸው የታዘዘላቸውን ክኒን ደግሞ ከላቱ ጋር ሆዴ ውስጥ ይጣላል ብለው ትተውታል።

ሰምሃል ፊቷ ተለወጠ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ደነገጡ፤ ሟች ባለቤታቸውን ጥሩብርሃንን የመረመረው ሐኪም ፊቱ እንዲሁ ነበር።

"ያን ቀን የቀብር ጡሩምባ ሲነፋ ትምህርቱን ትተው ወጡ እኮ። የቀረውን አልሰሙም። ሆርሞኑን የሚሠራው የገዛ ሰውነትዎ ስብ ነው። የሚጠጡት ላት አንጀት ውስጥ ይፈጫል እንጂ ሄዶ ቆሽትዎን አይጠብቅም። የበጉ ስብ የሚሠራው ለበጉ ነው።"

"ታዲያ ስቤ ሲበዛ ጠባቂውም አይበዛም?"

"ይቀንሳል እንጂ። ቦርጭ ሲሞላ ስቡ ራሱ ይታመምና ሆርሞኑን መሥራት ያቅተዋል። ህዋሳቱ ደግሞ ቀን ከሌት በስኳር ሲነከሩ ይደክማሉ፤ ኋላም ይሞታሉ።"

ሆርሞኑን በመርፌ መውጋት አይቻል እንደሆን ጠየቋት። ምርምሩ ገና መሆኑን፣ ለበሽተኛ የደረሰ መድኃኒት አለመኖሩን አስረዳቻቸው።

ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ምክርን ግማሹን ሰምተን፣ ከፍርሃታችን ጋር የሚስማማውን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ፍርሃት ደግሞ መክሳት ነበር።

"ጥሩብርሃን እንዴት እንደሄደች አይተሻል" አሉ። "ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ በክር አሰርንላት። ስብ ያለው ሰው እንደዚያ አያልቅም ብዬ ነው።"

"እትዬ ጥሩን ያከሳት የስብ ማነስ አይደለም። ኢንሱሊኗ ሲያልቅ የበላችው ሁሉ ሳይጠቅማት በሽንቷ ወጣ።" ቀጥላም፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ ሰሞኑን ከስተዋል?"

ሱሪያቸው አልይዝ ብሎ ቀበቷቸውን በሚስማር በስተው አዲስ ቀዳዳ አበጅተውለታል። ላቱን የጨመሩትም ለዚህ ነበር። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት።

ሰምሃል አልተቆጣቻቸውም። ዛሬውኑ ተመርምረው ሐኪሙ የሚያዝላቸውን ቢጀምሩ፣ ላቱን ትተው ጎመንና ሽሮውን ቢያዘወትሩ፣ ማታ ማታ በእግራቸው ቢንሸራሸሩ፣ ስኳሩ እንደሚወርድ፣ ዓይንና ኩላሊታቸው እንደሚተርፍ፣ የደከሙት ህዋሳትም እረፍት እንደሚያገኙ ነገረቻቸው።

"ያልሞቱ ህዋሳት ቀርተውልኛል?"

"ይኖራሉ ብለን እንጠብቃቸው እንጂ፣ ጋሼ።"

ላቱን ለሻጩ መለሱ። ወደ ጂንካ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አብረው ገቡ። መኪናው ሲነሳ እጇን ያዙ።

"ውጤቱን ሲነግሩኝ ከአጠገቤ አትራቂ" አሏት። "የጥሩን ብቻዬን ነው የሰማሁት።"