የዘሀራ ትራስ

እህቴ ዘሀራ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን፣ ከከሚሴ ገበያ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አቅፋለች። እግሮቹ እንደ ዘሀራ እግሮች ግትር ብለው ተቆላልፈዋል።

አጠገቧ ያሉት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ይሄ ጅን ነው። በቅቤ እያሸሽ እግሩን ሳቢው» አሏት።

«ኧረ አዴ፣ ስንቴ ስበን አስጮኽነው! ሲወለድ ታፍኖ አንጎሉ ተጎድቷል፤ ጡንቻው አልላላ ያለው ለዚያ ነው አለችኝ ሐኪሟ።»

«ይድናል?»

«አይድንም።»

«ያ አሏህ! ምግብስ?»

«አጥሚት በጀርባው አስተኝቼ ስግተው ትን ብሎት ሊሞትብኝ ነበር። አሁን ቀና አድርጌ፣ ትራስ አስደግፌ፣ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ነው።»

«እኛን ሁላችንን አስተኝተው ነው የጋቱን፤ ይኸው አርጅተናል!»

«የሱ ግን ጉሮሮውም እንደ እግሩ አይታዘዝለትም፣ አዴ።»

እኛም ዘሀራን አስተኝተን ነበር የምንግታት። ማታ ቤት ስገባ ለእማዬ «ተሳስተሻል» ማለት ከበደኝና ነገ እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ። በነጋታው እኔ ሳልነሳ፣ እማዬ ቁርሷን ስትግታት ዘሀራ ትን ብሏት ሞተች። የዚያኑ ቀን ቀበርናት።

በማግስቱ ጠዋት ትራሷን አነሳሁና ሴትዮዋ እንዳለችው ቀና አድርጌ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።