የክፍል ሁለት ሙዚቃና የጠፋችው ፍየል

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ። የ«ባለክንፉ» ፊልም አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ይመር፣ በስልክ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ለእጮኛው ለዘሀራ መግለጫ እያነበበላት ነው።

ይመር፦ «...ስለዚህ ማኅበራችን የሦስት ቀን ሐዘን አውጇል። የ‹ባለክንፉ› ክፍል ሁለት ሙዚቃ የክፍል አንድን አደራ በልቷል።» እንዴት ነው?

ዘሀራ፦ ሠርጋችን ሁለት ሳምንት ቀረው፣ አንተ ለፊልም ሙዚቃ ድንኳን ትጥላለህ። ከድር ይጫወትልን ያልኩህስ?

ይመር፦ የአጎትሽ ልጅ ፀጉር ይቁረጥ። ኪቦርድ ሲነካ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ነው የሚመስለው። በሠርጌ አይጫወትም አልኩ፣ አልኩ። ይልቅ ስሚኝ፣ አስር ሰዓት ላይ ስልሳ የማኅበሩ አባል ፊት ነው የማነበው።

ዘሀራ፦ ክፍል ሁለት ምን አደረጋችሁ?

ይመር፦ መቶ ቫዮሊን ደርድረዋል፤ አንዱም አንጀት አይበላም።

ዘሀራ፦ ክፍል አንድን የት ነበር ያየኸው?

ይመር፦ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ቪዲዮ ቤት ነዋ፣ እሳቸው በአማርኛ የተረጎሙትን። ሃያ ሁለት ጊዜ። አሁን ዋናው ነጥብ መጣ፦ «ጀግናው ከሰማይ ሲወድቅ፣ በሙዚቃው መሃል አንዲት ፍየል ትጮህ ነበር። የተገፋ ሕዝብ ድምፅ ናት። በክፍል ሁለት ፍየሏ የት ገባች?»

ዘሀራ፦ ይሄን አውጣው።

ይመር፦ የጽሑፉን ነፍስ?

ዘሀራ፦ ፍየሏ የእኛ ናት።

ይመር፦ የማን?

ዘሀራ፦ የእናቴ። ጋሽ ሰይድ ሲተረጉሙ የፈረንጁ ድምፅ ሲጋፋቸው የፊልሙን ድምፅ ከነሙዚቃው ጭራሽ አጠፉት። ፊልሙ ባዶ ሆነ። ከሥር ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ፈልገው እኛ ጓዳ ቀረጹ። በር ጠብቂ የተባልኩት እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ፍየሏ ገብታ ጮኸች። ጋሽ ሰይድ «መብራት ሳይሄድ እንጨርስ፣ ትለፍ» አሉ።

ይመር፦ ያ ሙዚቃ የባሕር ማዶ ሰው ሥራ ነው። ሠሪውን ባገኘው ጉልበቱን እስማለሁ ብያለሁ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

ዘሀራ፦ እንግዲያው ሩቅ አትሄድም። ከፒያሳ በታች ፀጉር ይቆርጣል።

ይመር፦ ...ከድር?

ዘሀራ፦ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም...

ይመር፦ አትጨርሺው። በምን ላምንሽ?

ዘሀራ፦ ስልኬን ጆሮህ ላይ አድርግ። ለሠርጋችን መግቢያ ብሎ የሠራው ነው። እምቢ ማለትህን አልነገርኩትም።

ይመር፦ ቆይ፣ ድምፁን ልጨምረው።

ዘሀራ፦ ምነው?

ይመር፦ ጀግናው ሲወድቅ የነበረው ዜማ ነው። ራሱ። ግን እዚህ ላይ ይነሣል።

ዘሀራ፦ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። እያለቀስክ ነው እንዴ?

ይመር፦ የብየዳው ጭስ ነው።

ዘሀራ፦ ብየዳው ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ይመር፦ ደውዪለት። እሱ ይጫወት። ፍየሏ አለች?

ዘሀራ፦ እሷስ የለችም። የልጅ ልጇ አለች።

ይመር፦ ትምጣ። ቢላ ግን እንዳይነካት፣ ኪቦርዱ አጠገብ ትታሰር።

ዘሀራ፦ እናቴ፣ ሚዜዎችህ፣ ስልሳው ሰው «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ቢሉኝ ምን ልበል?

ይመር፦ «አላብራራም» አለ በያቸው።